በዓለም ብዙ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ የቱ ነው? ለአንዲት የለገጣፎ እናት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለገጣፎ ነው የምኖረው። 6ኛ ክፍል ያለችው ልጄ በዓለም ብዙ ተናጋሪ ያላቸውን 5 ቋንቋዎች በቅደም ተከተል ጻፊ ተብላ እንግሊዝኛን አንደኛ አድርጋ ጻፈች፣ መምህሯ አንደኛው ቻይንኛ ነው ብለው ኤክስ አደረጉባት። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሶስት ቦታ ሶስት አይነት ዝርዝር አገኘሁ። አማርኛ ራሱ አንዱ ጋ 32 ሚሊየን፣ ሌላው ጋ ወደ 60 ሚሊየን ነው። ትክክሉ የቱ ነው? ቆጥሮ ቁርጡን የሚነግረን የለም ወይ?»

ሰላም እህቴ፣ ጎረቤትሽ ነኝ ማለት ይቻላል፣ ጣፎ ነው ያለሁት። ስራዬ የቋንቋ ዳሰሳ ነው፣ ቤት ለቤት እየዞርን እዚህ ቤት ማን ምን ቋንቋ ይናገራል እያልን የምንመዘግበው ነገር፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢል ታገሺኝ ምክንያቱም ባጭሩ ከመለስኩት ሌላ አራተኛ ዝርዝር ሰጥቼሽ መሄድ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ የልጅቷን ነገር እንጨርስ። እሷም ልክ ናት መምህሩም ልክ ናቸው፣ ኤክሱ ግን ልክ አደለም። በአፍ መፍቻነት ከሆነ አንደኛው ማንዳሪን ቻይንኛ ነው፣ ከ900 ሚሊየን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ነው ተብሎ ይገመታል፣ ቀጥሎ ስፓኒሽ ወደ 480 ሚሊየን፣ ከዛ እንግሊዝኛ 380 ምናምን፣ ከዛ ሂንዲ 340 ምናምን፣ 5ኛው ላይ ቤንጋሊና ፖርቱጋልኛ ይተናነቃሉ። በኋላ የተማረውንም ሰው ከጨመርሽ ግን እንግሊዝኛ 1.5 ቢሊየን ገደማ ይዞ አንደኛ ይሆናል፣ ማንዳሪን በ1.1 ወይ 1.2 ቢሊየን ይከተላል፣ ሂንዲ 600 አካባቢ፣ ስፓኒሽ 560 አካባቢ ሚሊየን ይዘው ይመጣሉ። 5ኛ ማነው የሚለውን አረብኛን እንዴት እንደቆጠርሽው ነው የሚወስነው፣ እሱን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ለመምህሩ «አፍ መፍቻውን ነው ወይስ ጠቅላላውን ነው የጠየቁት?» ብለሽ በትህትና ጠይቂልኝ፣ ጥሩ መምህር ከሆኑ ራሳቸው ኤክሱን ያነሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህ ቁጥሮች አንድ አካል ዓለምን ዞሮ የቆጠራቸው አደሉም። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ምንጭ ኢትኖሎግ ይባላል፣ ኤስ አይ ኤል የሚባል መቀመጫው አሜሪካ የሆነ ድርጅት በፈረንጆቹ ከ1951 ጀምሮ የሚያወጣው የቋንቋዎች ማውጫ ነው፣ ከ7,000 በላይ ቋንቋ ይዟል። ትልቅ ስራ ነው፣ እኔም በየጊዜው ነው የማየው። ግን እነሱም ቢሆኑ ቁጥሩን የሚያገኙት ከየሀገሩ የሕዝብ ቆጠራና ከተለያየ ጥናት እየለቀሙ ነው፣ የሁሉም ሀገር ቆጠራ ደሞ በአንድ አመት አልተደረገም፣ ያንዱ ጥያቄ ከሌላው ጥያቄ አይገጥምም፣ አንዳንዱ ሀገር ጭራሽ ስለ ቋንቋ አይጠይቅም። የዛሬ 15 አመቱን የጤፍ ዋጋ ከዘንድሮ የበርበሬ ዋጋ ጎን አስቀምጦ የቱ ተወደደ እንደማለት ነው። ሰንጠረዡ ላይ ግን ሁሉም አንድ ላይ ተደርድሮ ስታዪው እኩል የተቆጠረ ይመስላል።

ከዛ ጥያቄው ራሱ አለ። የተባበሩት መንግስታት ለሕዝብ ቆጠራ ያወጣው መመሪያ ስለ ቋንቋ ሶስት የተለያየ ነገር መጠየቅ ይቻላል ይላል፣ በልጅነት ቤት ውስጥ ሲነገር የነበረው፣ አሁን አዘውትሮ የሚነገረው፣ እና መናገር የሚቻለው። ለአንድ ሰው ሶስቱም መልስ ሊለያይ ይችላል። እዚህ እኛ ዳር ከተማ ላይ ደሞ አለመለያየቱ ነው የሚገርመኝ።

አንድ ቤት ላሳይሽ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ከሰአት። አባወራው በሩን ከፍቶ አስገባን፣ እሱ ጉራጌ ሀገር ቸሃ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ ባለቤቱ የሰንዳፋ ልጅ ናት አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፣ ሶስት ልጆች አሏቸው፣ የሱ እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። ፎርሙ ላይ ለያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለ፣ አፍ መፍቻ ለሚለው ደሞ አንዲት ሳጥን። ገና ጥያቄውን ሳልጨርስ አባወራው «ሁላችንም አማርኛ ነን፣ አማርኛ ብለህ ጻፈው» አለኝ። ከልቡ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ቀን ሙሉ የሚሰማው አማርኛ ነው፣ ከኔም ጋር እያወራ ያለው በአማርኛ ነው። እዛው እያለን ባለቤቱ ከጓዳ ትንሹን ልጅ «ኮቱ!» ብላ በኦሮምኛ ጠራችው፣ ልጁ «መጣሁ እማ» ብሎ በአማርኛ መለሰላት፣ እማማ ደሞ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆነው ሀገር ቤት ካለች እህታቸው ጋር በጉራጊኛ ስልክ እያወሩ ነው፣ በጣም ረጅም ስልክ ነበር፣ ሲስቁ ቤቱን ይሞሉታል።

እንግዲህ ቁጠሪልኝ። አባወራው ያለውን ከጻፍኩ ስድስት የአማርኛ አፍ መፍቻ ተናጋሪ አገኘሁ። እያንዳንዱን ለብቻ ከጠየቅኩ ሁለት ጉራጊኛ፣ አንድ ኦሮምኛ፣ ሶስት አማርኛ ይሆናል። መናገር የሚችሉትን ካልኩ አማርኛ ስድስቱም ጋ አለ፣ ኦሮምኛ ግን ስንት ሰው ጋ ነው ያለው? ልጆቹ ሁሉንም ይሰማሉ፣ እናታቸው ስትቆጣም ስታጫውትም ይገባቸዋል፣ ግን በኦሮምኛ አይመልሱም። ትልቋ ትምህርት ቤት ስለምትማረው ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ስታወራው ግን ታፍራለች። ይቺን ልጅ ተናጋሪ ናት ብለሽ ትቆጥሪያታለሽ? እኔ እቆጥራታለሁ፣ አብረውኝ ከሚሰሩት ውስጥ የማይቆጥሯት አሉ፣ ሁለታችንም ምክንያት አለን። እና ይሄ አንድ ቤት ነው፣ ከኮዬ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ እንዲህ አይነት ቤት ሞልቷል። ሕንድ ሀገር ያለውን ከ1.4 ቢሊየን በላይ ሕዝብ ደሞ አስቢው።

ሕንድን ካነሳሁ አይቀር፣ ለዚህ ጥያቄ እንደ ሕንድ የሚያስተምር ሀገር የለም። ቆጠራቸው አፍ መፍቻውን ይጠይቅና ከዛ በተጨማሪ የሚያውቃቸውን እስከ ሁለት ቋንቋ ይመዘግባል፣ እኔ በጣም የምወደው አይነት ፎርም ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሰው ወደ 260 ሺህ ብቻ ነበር፣ አዎ ሺህ ነው። ሁለተኛ ቋንቋዬ ያለው ግን 83 ሚሊየን፣ ሶስተኛዬ ያለው 46 ሚሊየን። አንድ ሀገር፣ አንድ ቆጠራ፣ አንድ ቋንቋ፣ እንደምታነቢበት ቦታ ወይ ሩብ ሚሊየን ወይ 129 ሚሊየን። የእንግሊዝኛ 1.5 ቢሊየን አብዛኛው የተሰራው እንዲህ ካለው ቁጥር ነው፣ ከ4 ሰው 3ቱ ገደማ በኋላ የተማረው ነው፣ ምን ያህል እንደተማረው ደሞ ማንም ፈትኖ አላረጋገጠም። ሰውየው እችላለሁ ካለ ይችላል ተብሎ ይጻፋል። የአውሮፓ ህብረት በ2012 እ.ኤ.አ. ባስጠናው የሕዝብ አስተያየት ላይ 38 በመቶው አፍ መፍቻችን ባይሆንም በእንግሊዝኛ ወሬ መያዝ እንችላለን ብሏል፣ እሱም ራሱ ሰዎቹ ስለራሳቸው የተናገሩት ነው።

የኛን ሀገር ብናይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። 12ኛን የጨረሰ ልጅ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው? የባዮሎጂ መጽሐፉን አንብቦ ይፈተናል፣ ቦሌ ላይ አንድ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀው ግን ዝም ሊል ይችላል። በተቃራኒው ደሞ ጣፎ ገበያ ቅቤና እንቁላል ይዘው ከገጠር የሚመጡ እናቶች አሉ፣ በአማርኛ ይሸጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ዋጋ አይሸወዱም፣ የረባ ነገር ካልገዛሽ ይሸኙሻል፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን የሚያማቸውን ለመናገር አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ፎርም ላይ ይገባል የገበያዋ እናት አትገባም የሚል መስመር ማን ነው የሚያሰምረው? በየሀገሩ የተለያየ ሰው በተለያየ ቦታ አስምሮታል፣ ዝርዝሮቹ የማይገጥሙት አንዱ በዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ችግር ከዚህም ይብሳል፣ ቋንቋው ራሱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው። ሂንዲ በ2011ዱ ቆጠራ 528 ሚሊየን የአፍ መፍቻ ተናጋሪ አለው ተብሎ ታትሟል። ዝርዝሩን ስትገልጪው ግን እዛ ውስጥ ቦጅፑሪ የሚሉት 50 ሚሊየን ሰው፣ ራጃስታኒ ወደ 26 ሚሊየን፣ ቻቲስጋሪ 16 ሚሊየን፣ ሌሎችም ብዙዎች አሉበት፣ «ሂንዲ» ብሎ ራሱ የመለሰው 322 ሚሊየን ነው። ሰው የመለሰውን እንዳለ ቢያስቀምጡት ከ19,500 በላይ የተለያየ ስም ነበር የመጣው፣ እሱን ባለሙያዎች እያመሳከሩ እያጣመሩ በመጨረሻ ከ10,000 በላይ ተናጋሪ ያላቸው 121 ቋንቋዎች ብለው አወጡት። ይሄን ማጣመር የሚሰራው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው። ማይቲሊ የሚባለውን ቋንቋ ድሮ በሂንዲ ስር ያስገቡት ነበር፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግስቱ ተሻሽሎ ለብቻው እውቅና ሲያገኝ ከሂንዲ ቁጥር ወጣ፣ የተናጋሪዎቹ አፍ ላይ ግን በዛ ሌሊት የተለወጠ ነገር የለም። ከድንበር ማዶ ደሞ ኡርዱ አለ፣ መንገድ ላይ የሚወራው ሂንዲና ኡርዱ ሰዎቹ ሳይቸገሩ ይግባባሉ፣ ፊደሉ ይለያያል፣ የከበደው ቃል አንዱ ከሳንስክሪት አንዱ ከፋርስና ከአረብኛ ይመጣል፣ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ቋንቋ ናቸው። አንድ ላይ ብትቆጥሪያቸው ደረጃው ይለወጣል።

ቻይንኛ በተቃራኒው ነው። የሻንጋይ ሰው፣ የካንቶን ሰውና የቤጂንግ ሰው እያንዳንዳቸው የሰፈራቸውን ቢያወሩ አይግባቡም፣ ግን ጽሑፉ አንድ ነው መንግስቱም አንድ ቋንቋ ነው ይላል፣ ስለዚህ «ቻይንኛ 1.3 ቢሊየን» የሚል ዝርዝር ካየሽ እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ ነው፣ «ማንዳሪን» የሚል ካየሽ የቤጂንጉን አይነት ለይቶ ነው። የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. በማንዳሪን ላይ የተመሰረተውን መደበኛ ቋንቋ መናገር የሚችለው 80.72 በመቶው ሕዝብ ነው ብሏል፣ በ2000 ደሞ 53 በመቶ ገደማ ነበር። በሃያ አመት ውስጥ የመጣው ይሄ ሁሉ ሰው በውልደት አደለም የመጣው፣ በትምህርት ቤት፣ በቴሌቪዥን፣ ከገጠር ወደ ከተማ በመሄድ ነው።

አረብኛን እመለስበታለሁ ብዬሽ ነበር። በዜናና በመጽሐፍ ያለው መደበኛው አረብኛ የማንም አፍ መፍቻ አደለም፣ ሁሉም ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የሚማረው። ቤት ውስጥ የሚወራው የሞሮኮ ሌላ ነው፣ የግብፅ ሌላ፣ የኢራቅ ሌላ፣ የሞሮኮውን ለኢራቁ ሰው ብታወሪለት ብዙ አይያዝለትም። እዚህ ለገጣፎም ሆነ ሌላ ሰፈር ከአረብ ሀገር የተመለሱ እህቶቻችን ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ቤሩት የሰራችውና ሪያድ የሰራችው አረብኛቸው አንድ አደለም። ስለዚህ ኢትኖሎግ እየነጣጠለ ይቆጥራል፣ ሌላው ደሞ ሁሉንም ደምሮ ከ400 ሚሊየን በላይ ይላል፣ ደረጃውም እንደዛው ይወጣል ይወርዳል።

ደሞ ሰው ሁሌ ስለ ቋንቋው ሲጠየቅ ስለ ቋንቋው ብቻ አደለም የሚመልሰው። በሕንድ ፑንጃብ በ1951ና በ1961 እ.ኤ.አ. ቆጠራዎች ቤታቸው ፑንጃቢ የሚያወሩ ብዙ ሂንዱዎች አፍ መፍቻችን ሂንዲ ነው ብለው አስመዘገቡ፣ ምክንያቱም ክልሉ በቋንቋ ሊካለል ነው የሚል ጥያቄ ተነስቶ ስለነበር ነው፣ በ1966 ክልሉ ተከፍሎ ሃሪያና ወጣች። ቤልጂየም ደሞ የቋንቋ ቆጠራ ውጤት አንድ ቀበሌ በየትኛው ቋንቋ ይተዳደር የሚለውን ይወስን ስለነበር ጸቡ ከረረና በ1947 እ.ኤ.አ. የተደረገው የመጨረሻ ሆነ፣ ከዛ በኋላ ጥያቄው በሕግ ቀረ። እስከ ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ስንት ሰው ደች ስንት ሰው ፈረንሳይኛ ይናገራል ብትይ የቆጠራ ቁጥር የለም፣ ግምት ነው። ናይጄሪያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቆጠራዋ ብሔርና ሃይማኖት አልጠየቀችም። እኔ በሙያዬ ጥያቄው ባይጠየቅ ያመኛል፣ ግን ጥያቄው ሰው የሚያጋጭ ሲሆን መንግስታት ለምን እንደሚሸሹት ይገባኛል።

ቆጣሪው ባለጉዳይ የሆነበትም አለ። የስፓኒሽ ቋንቋን የሚያስፋፋው ሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 600 ሚሊየን የሚጠጋ ተጠቃሚ አለን ሲል እዛ ውስጥ ቋንቋውን ገና እየተማሩ ያሉትንም ከፊል የሚችሉትንም ጨምሮ ነው። የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሀገሮች ድርጅት በ2022 321 ሚሊየን ብሏል። ውሸት ነው አልልም፣ አቆጣጠራቸውን ጽፈው ነው የሚያወጡት፣ ግን ዜናው ላይ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስዋሂሊም እንደዚሁ ዩኔስኮ ጭምር ከ200 ሚሊየን በላይ ሲል ትሰሚያለሽ፣ ሌላ ቦታ ግማሹን እንኳ የማይሞላ ታገኚያለሽ፣ አብዛኛው ሰው በሁለተኛ ቋንቋነት ስለሚናገረው መስመሩ የት ላይ እንደተሰመረ ነው ልዩነቱ።

አሁን አማርኛ። 1987 ዓ.ም በተደረገው ቆጠራ አፍ መፍቻዬ ያለው 17.4 ሚሊየን ነበር፣ ሁለተኛ ቋንቋዬ ያለው ደሞ 5.1 ሚሊየን። በ1999ኙ ቆጠራ አፍ መፍቻዬ ያለው 21.6 ሚሊየን ሆነ፣ ይሄም ከሕዝቡ 29.3 በመቶ ነው፣ ኦሮምኛ 33.8 በመቶ ነበር። ከዛ በኋላ ቆጠራ የለም። 4ኛው 2010 ዓ.ም ላይ ሊደረግ ታስቦ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ ያቺኑ 29.3 በመቶ ወስዶ በአዲሱ የሕዝብ ግምት ያባዛታል፣ በ110 ሚሊየን ብታባዢው 32 ሚሊየን ገደማ ይመጣልሻል፣ ያየሽው ቁጥር ማለት ነው። 60 ሚሊየን ገደማ የሚለው ደሞ በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረውን ወደ 25 ሚሊየን ተብሎ የተገመተ ሰው ደምሮ፣ አፍ መፍቻውንም በየጊዜው ከፍ እያደረገ ነው። ግምቱ የማይሆን ነገር አደለም፣ ከተማው ሰፍቷል፣ ሰው ለስራ ከክልል ክልል ይሄዳል፣ ቴሌቪዥኑም አለ። ግን የተቆጠረ ሰው አደለም።

የኔ ትልቁ ስጋት ደሞ ያቺ 29.3 በመቶ ራሷ ናት። 1999 ዓ.ም ቆጠራው ሲካሄድ ኮዬ ፈጬ የእርሻ መሬት ነበር፣ ገብስና ጤፍ ይዘራበት ነበር። ዛሬ እዛ ያሉት ልጆች ያኔ አልተወለዱም፣ ወላጆቻቸውም ገሚሱ ሌላ ቦታ ነው የተቆጠሩት፣ በሌላ ቋንቋ። በአንድ በኩል ከየአገሩ የመጣ ሰው ልጆች አማርኛ አፍ መፍቻቸው እየሆነ ነው፣ በሌላ በኩል አፋን ኦሮሞ ዙሪያችንን ትምህርቱም ቢሮውም የሚሰራበት ቋንቋ ነው፣ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ኦሮምኛ እያነበበ ያድጋል። ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ጊዜ እያደገ ነው፣ ፎርሙ ግን አንዲት ሳጥን ስላለው አንዱ ሲያድግ ሌላው የቀነሰ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው ቁጥሮቹን ይዞ የሚጣላው እዚህ ጋ ነው፣ እኔን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ያን ቤት ሄዶ ያየ ሰው አንዱ ከሌላው ሲቀማ አያይም።

ስለዚህ ቁጥር ስታነቢ ሶስት ነገር ፈልጊ፣ አፍ መፍቻ ነው ወይስ ጠቅላላ፣ ዋናው ቆጠራ የተደረገው በስንት አመተ ምህረት ነው፣ ምን ምን ተጠቅልሎ ነው አንድ ቋንቋ የተባለው። ሶስቱን ያልጻፈ ዝርዝር ለልጅሽ አታሳያት። 1.5 ቢሊየንን እንደ 1,487,362,511 አድርጎ እስከ መጨረሻው ዲጂት የጻፈ ካየሽማ ዝለይው፣ በዚህ ነገር ላይ እንደዛ የሚያውቅ ሰው የለም።

ቀጣዩ ቆጠራ ሲመጣ ደሞ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ለጎረቤቶችሽም ንገሪልኝ። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ አባወራ ለሁሉም በአንድ አፍ አይመልስ። አያትም ካሉ ይጠሩ፣ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ፣ የቤት ሰራተኛዋም ትጠየቅ፣ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የመጣች ናት ቋንቋዋም ከቤቱ የተለየ ነው፣ ብዙ ጊዜ የምትረሳውም እሷ ናት። አፍ መፍቻ ሲባል መጀመሪያ ቤት ውስጥ የተሰማው ነው፣ አሁን የሚቀናው አደለም፣ ብሔርም አደለም፣ ብሔር ለብቻው ጥያቄ አለው። ቆጣሪው ቸኩሎ ራሱ ሊሞላው ካለ አስቁሙት። እኔ በበኩሌ ፎርሙ ላይ እንደ ሕንዶቹ ሁለተኛና ሶስተኛ ቋንቋ የሚጻፍበት ቦታ እንዲኖር ለሚመለከታቸው ስናገር ቆይቻለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ። እንደሱ ከሆነ የኮዬዋ ልጅ አማርኛም ኦሮምኛም ላይ ትጻፋለች።